አምባላይን ያስነሡ የወይዘሮ አቻምየለሽ እጆች

«ሰው በሌለ ጊዜ አንቺ ፍችው፤ በሩ ሲንኳኳ ግን መፍቻውን ለእኔ አቀብይኝ።»

ይህን ቃል ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌዋ የቤት መኪናቸው አጠገብ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው የተናገሩት የዓይናቸው ብርሃን የከዳቸው አቶ ሐብቴ ዳኘው ሲሆኑ፣ ቃሉ የተነገራቸው ደግሞ ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊታችን አድርገን የተሰበሰብንላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ ገብረሰንበት ናቸው። እርሳቸውም ቃሉን ሰምተው፣ እሺ ብለው፣ ባለቤታቸው እስካረፉበት ዕለት ድረስ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጠብቀውታል። የሕይወት ታሪካቸው ከልደታቸው አስቀድሞ በዚህ ቃል መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ቃል ሳይነሣ የሚነበብ ታሪክ የሌላ ሰው እንጂ የእርሳቸው ስለማይሆን ነው።

ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሰንበት ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግሥቴ ምሕረቴ በቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም ቁልቁል ባለው የገጠር ቀበሌ፣ በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው እህል አምርተው ከብት አርብተው የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ በአካባቢው ብርቅ የነበረች በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ራዲዮም ነበረቻቸው። ያች ራዲዮ አንድ ክረምት ድምፅዋ ጠፍቶ ከመደርደሪያ ላይ ተጥላ ስትቀር፣ አቻምየለሽ ገና ልጅ ሳሉ የኋላ ክዳኗን ከፍተው፣ የባትሪ ድንጋዩ የሚነካውን ቆርቆሮ የበላውን አረንጓዴ ዝገት በቢላ ጫፍ ፍቀው እንድትናገር አደረጓት። አባታቸውም ራዲዮ ሊሰሙ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች፣ ራዲዮዋ ቅዝቃዜው ሲለቃት በራሷ ጊዜ ተነሣች ብለው አወሩ። ልጅቱ ከጓዳ ሆነው ሰሙ። የዕድሜ ልካቸው ነገር የተጀመረው ያን ዕለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ገበዝ ማርያም ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፉ። ይሁን እንጂ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ በመሆኑና ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ መላክ አይቻልም በመባሉ፣ ፈተናውን ሳያልፍ የቀረው ወንድማቸው በድጋሚ እንዲማር ተልኮ፣ ያለፉት እርሳቸው ከቤት ቀሩ። በዚህ ጉዳይ ሲያዝኑ ያያቸው የለም፤ ስላላዘኑ ግን አይደለም።

በ1970 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም የግብርና መሥሪያ ቤት ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ሐብቴ ዳኘው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ወደ ከተማ መጡ፤ በችግኝ ጣቢያም ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አገለገሉ። እግዚአብሔርም ናሁሰናይን፣ ፋናንና ያምሮትን ሰጣቸው። አቶ ሐብቴ የጡረታ ጊዜያቸው ሲቃረብ፣ ከቡሬ ወደ ሌላ አገር ከተዛወሩ አንድ መምህር ላይ፣ ያገለገለች ነጭ የቤት መኪና ገዙ፤ ወይዘሮ አቻምየለሽም የአባታቸውን ነጭ ፈረስ አስታውሰው «አምባላይ» ብለው ስም አወጡላት። ስም በማውጣታቸው ማንም አልተቃወመም፤ ስም ማውጣት ዘይት አያስነካምና።

መኪናዋ በገባች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር ሕመም የአቶ ሐብቴን ዓይን እያደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ጨለማ አደረገባቸው። ዕድሜ ልኩን መሪ የያዘ ሰው መሪ መልቀቁ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። አምባላይ ከግቢ ቆማ አቧራ ስትጠጣ ወይዘሮ አቻምየለሽ የባለቤታቸውን ትካዜ መቋቋም ስላቃታቸው፣ አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍተው «ይንገሩኝና ልነካካው» አሏቸው። ከላይ የተነበበው ቃል መልስ ሆኖ የመጣው ያኔ ነው።

ለእውነት ሲባል የአቶ ሐብቴ ጆሮ ድንቅ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የት ላይ እንደታመመ ይናገሩ ነበር። እጁ ግን የወይዘሮ አቻምየለሽ ነበር። ጆሮ ብሎን አይፈታም።

አምባላይ የሸመገለች መኪና እንደመሆኗ ሕመሟ ብዙና የተደጋገመ ነበር። ማለዳ ቁልፍ ሲዞርባት ጭጭ ስትል፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ የባትሪዋን ጫፍ የሸፈነውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በፈላ ውኃና በሶዳ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ እንዳይመለስ ግራሶ ቀብተው ያስሩታል፤ እንደ ሕፃንነታቸው ራዲዮ ማለት ነው። መንተፋተፍ ስትጀምር እሳት ሰጪ ካንዴላዎቿን እየፈቱ ጥላሸታቸውን ይጠርጋሉ፤ ስታፏጭ የላላውን ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ይወጥራሉ። ማስነሻው ሞተሪኖ እንቢ ሲል የት ቦታ ላይ በመዶሻ እጀታ ቀስ ተብሎ እንደሚመታ ያውቃሉ። የፍሬኑ መርገጫ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ቀን ደግሞ፣ አቶ ሐብቴን ክንዳቸውን ይዘው ከመሪው ኋላ ያስቀምጧቸውና፣ እርሳቸው በክሪክና በድንጋይ ከተደገፈችው መኪና ሥር በጆንያ ላይ ተጋድመው፣ «ይርገጡ፣ ይያዙ፣ አሁን ይልቀቁ» እያሉ፣ አረፋ እየደፈቀ የሚወጣው የፍሬን ዘይት ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አየሩን ያስወጣሉ። በዚያ ሰዓት ሁለቱን ያያቸው ሰው ቢኖር፣ እንደዚያ ተስማምተው የሚሠሩ ባልና ሚስት በአገሩ ጥቂት መሆናቸውን ይመሰክር ነበር። ነገር ግን ማንም እንዳያይ ተደርጎ ነበር የሚሠራው።

የግቢው የቆርቆሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ወይዘሮ አቻምየለሽ ከመኪናዋ ሥር ወጥተው፣ መፍቻውን ዱካ ላይ ለተቀመጡት ባለቤታቸው አቀብለው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው በር ይከፍታሉ። የገባው ሰው የሚያየው ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ መፍቻ ጨብጠው ከተከፈተ ሞተር አጠገብ ተቀምጠው ነው። «ጋሼ ሐብቴ በጣታቸው ያያሉ» የሚለው ወሬ በሰፈሩ የተዛመተው እንዲህ ሆኖ ነው። ወደ ማኅበር ሲሄዱ ሴቶቹ ጥቁር ጥላሸት የዋለበትን ጥፍራቸውን እያዩ፣ «የእትዬ አቻምየለሽ ድስት ዘንድሮም አልጠራም?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ስቀው፣ ድስቱ አሮጌ ነው፣ ቢያሹት ቢያሹት ጥላሸቱ አይለቅም ይሉ ነበር። በገዛ ሥራቸው እጃቸው የጠቆረ ሴት፣ እጃቸው ስለ ጠቆረ ሰነፍ ተባሉ። ይህንን የሰማ ሰው ሳይቆጣ እንዴት ይቀመጣል?

አምባላይ የአንድ ቤት መኪና ብቻ አልነበረችም። መንጃ ፈቃድ ያለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ፣ በሽተኛ ሲኖር ለበሽተኛ፣ ሠርግ ሲኖር ለሠርግ፣ ሐዘን ሲኖር ለሐዘን ይወስዳት ነበር። መንገድ ተዘግቶ መለዋወጫ በማይመጣባቸው ወራት እንኳ፣ ሌሎቹ መኪኖች ቆመው እርሷ የምትንቀሳቀሰው፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ የተቀደደውን የውኃ ጎማ ከሌላ አሮጌ ጎማ ቆርጠው ተክተው፣ የላላውን በሽቦ አስረው፣ የተቃጠለውን ገመድ ቀጥለው ስለሚያድሩላት ነበር። ዛሬ በመካከላችን ያለችው ጎረቤታችን ህይወት ምጥ በያዛት የክረምት ቀን ወደ ሆስፒታል የደረሰችው፣ ማለዳውን ቺንጋዋ በተቀየረላት በዚህች መኪና ነው፤ የወለደችውም ወንድ ልጅ ለአቶ ሐብቴ ውለታ ሲባል ሐብታሙ ተባለ። የህይወት ጥፋት አይደለም፤ ሰው የነገሯትን ነው ያመነችው። እድሩም በዓመቱ ስብሰባ አቶ ሐብቴን ከፊት አስቀምጦ፣ ዓይናቸው ሳያይ በገዛ እጃቸው መኪናቸውን እየጠገኑ ሰፈሩን ላገለገሉበት ብሎ ጋቢ ሲያለብሳቸው፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ ለተሰብሳቢው ጠላ ይቀዱ ነበር። አቶ ሐብቴ ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ጋቢውን አውልቀው በባለቤታቸው ትከሻ ላይ ጣል ማድረጋቸውን ልጆቻቸው አይተዋል። በአደባባይ ያለበሷቸው ግን አልነበረም።

ሁሉም ሳያውቅ ቀርቷል ማለት አይደለም። የአቶ ሐብቴ ታናሽ ወንድም አቶ ገነነ ዳኘው፣ በአንድ የጥር ወር የዘመድ ሠርግ ስለበዛባቸው አምባላይን ወደ ቡሬ ወስደው፣ ከቡሬ ሽንዲ ሲመላለሱባት ሰነበቱ። ውኃ በጎደላትም ጊዜ፣ ለከብት ሆድ የሚበጅ ለመኪና ሆድ አይከፋም በሚል ሐሳብ፣ በዚያ በቡሬ ገጠር ከብት እየተነዳ ከሚጠጣው፣ ማዕድን ከበዛበት የአምቦ ውኃ ምንጭ እየቀዱ ራዲያተሯን ሞሉላት፤ በጀሪካንም ይዘውላት ይዞሩ ነበር። በወሩ መጨረሻ እንፋሎቷ እንደ ጠጅ ጋን እየገነፈለ ሲመልሷት፣ ይቺ መኪና ዕድሜዋ አልቋል፣ በደህና ጊዜ ተለያዩ ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ራዲያተሩን ፈትተው ሲያወርዱት፣ ውስጡ ዘመን በጠገበ የሻይ በራድ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ድንጋይ ተለስኖበት አገኙ። ከጓሮአቸው ሎሚ ለቅመው፣ ጨምቀው፣ ከሙቅ ውኃ ጋር እየቀላቀሉ አፍስሰውበት፣ እያሳደሩና እየደፉ ድንጋዩን አሟሙት። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ አቶ ገነነ ድንገት መጡ፤ በበሩ በኩል ሳይሆን በጓሮ አጥር ዘለው ነበርና በር አልተንኳኳም፣ መፍቻም አልተቀባበለም። ያዩትም ወንድማቸውን ዱካ ላይ በባዶ እጅ፣ የወንድማቸውን ሚስት ደግሞ እስከ ክርናቸው ጥላሸት ለብሰው ራዲያተር አቅፈው ነው። አቶ ገነነም ጀሪካን አንሥተው ከቧንቧው ውኃ እየቀዱ ለማጠቢያ ያቀብሉ ጀመር። እስኪመሽ ድረስ አቀበሉ። አምባላይም ተነሣች። ስለዚህ አቶ ገነነ ያውቃሉ፤ በዓይናቸው አይተዋል፣ በእጃቸውም ረድተዋል።

አቶ ሐብቴ በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው፣ ከዚሁ ቦታ ላይ ቆመው ያነበቡት እኚሁ አቶ ገነነ ናቸው። «ዓይናቸው ቢሰወርም እስከ መጨረሻዋ ቀናቸው ድረስ መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ይጠግኑ የነበሩ» የሚለው ሲነበብ ለቀስተኛው ሁሉ በአድናቆት ከንፈሩን መጠጠ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ልጃቸው ያምሮት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል የማይበዛባት፣ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ትዳር የያዘች፣ በሣልስቱ ዕለት አጎቷን ለብቻቸው አግኝታ፣ መኪናዋን የሚሠሩት እናቷ መሆናቸውን እያወቁ ለምን እንዲህ ብለው እንዳነበቡ ጠየቀቻቸው። አቶ ገነነም እንዲህ ሲሉ መለሱላት፦

«አውቃለሁ ልጄ። የሚነበበው ግን ለሟች ነው። እናትሽ የራሷ ቀን አላት።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ከሁሉ የባሰ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ አምባላይ ባለሙያዋን አጣች፣ ከእንግዲህ ቆማ ትቀራለች ያለ ብዙ ነበር። አልቆመችም። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት ተተካ፤ አምባላይ በሽተኛ ትጭናለች፣ ሙሽራ ታመጣለች፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ቺንጋዋ አያፏጭም። ሰው ታዲያ ምን አለ? ጋሼ ሐብቴ ነፍሳቸውን ይማርና አበጅተዋት ሄደው ነው አለ። የሞተ ሰው ከመቃብር ሆኖ ፍሬን ያጠብቃል ብሎ ማመን፣ ያለችው ሴት ታጠብቃለች ብሎ ከማመን ቀሎት! ወይዘሮ አቻምየለሽ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ በሥራቸው ላይ ሳሉ በሩ ቢንኳኳም አይደበቁም ነበር፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ፣ መፍቻ ይዘው ከሞተሩ ላይ ያጎነብሱ ነበር። ያያቸው ሰውም ከንፈሩን መጥጦ፣ ባሏን ስትናፍቅ ነው መኪናውን የምትነካካው፣ እግዜር ያጽናት እያለ ያልፍ ነበር። በዓይኑ ያየውን ሥራ ሐዘን ነው አለ። ባለቤታቸው ማየት ተስኗቸው ነበር፤ ሰፈሩ ግን ምን ሆኖ ነው?

ወይዘሮ አቻምየለሽ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ከአልጋ ዋሉ። አልጋቸውን ግቢው ወደሚታይበት መስኮት አስጠግተውላቸው ነበርና፣ አምባላይ ስትነሣ ተኝተው ያዳምጡና «ካንዴላው ነው» ወይም «ቺንጋው ነው» ይሉ ነበር፤ ጆሮውንም ከባለቤታቸው ተምረውት ኖሯል። ያምሮት ትንሿን ልጇን ውዳሴን በጀርባዋ አዝላ፣ በመስኮቱ እየጠየቀች ትፈታለች፣ ታጥባለች፣ ትመልሳለች። በሩ ተንኳኩቶ ያምሮት ልትነሣ ስትል እናቷ «ሥራሽን ቀጥዪ፤ ከፍተው ይግቡ» ይሏት ነበር። ለራሳቸው በዚያ ሁሉ ዘመን ያላገኙትን ይህን ቃል ለልጃቸው ሰጧት። ባለፈው ሳምንት ሕመማቸው ሲጠና ወደ ሆስፒታል የወሰደቻቸውም አምባላይ ናት፤ በመንገድ ላይ አልቆመችም፣ አልገነፈለችም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

አስከሬናቸው ቤት እንደገባ አቶ ገነነ ለዛሬ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አዘጋጅተው መጡ። በወረቀቱም ላይ ወይዘሮ አቻምየለሽ «ባለቤታቸው ይጠግኗት የነበረችውን መኪና በአደራ ጠብቀው ያቆዩ ደግ ባለትዳር» ተብለዋል። ያምሮት ወረቀቱን ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ ቆመች።

«አጎቴ፣ የራሷ ቀን አላት ያሉኝ ዛሬ ነው።»

አቶ ገነነም የወንድማቸውን ስም ከመቃብር አውጥታ ልታዋርደው እንደሆነ ጠየቋት፤ ሰው ምን ይላል አሉ። ያምሮትም፣ «የአባቴ ስም ይረፍ፣ አልነካውም። የእናቴን እጅ ግን አብረው አይቅበሩት» አለቻቸው። አቶ ገነነ አንቺ የምትዪውን አላነብም ብለው ወረቀታቸውን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱ፤ ስለዚህም አሁን የምትሰሙትን የጻፈችው ያምሮት ስትሆን የሚያነብላችሁ ወንድሟ ናሁሰናይ ነው። አቶ ገነነም ከፊት ተቀምጠው እየሰሙ ነው፤ ካሉበትም ተነሥተው አልሄዱም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል።

የአቶ ሐብቴ ክብር በዚህ አይጎድልም። ዓይኑ የጠፋበት ሰው ሰው ፊት ባዶ እጁን መቀመጥ ቢያሳፍረው ማንም አይፈርድበትም፤ ባለቤታቸውም አልፈረዱባቸውም። ፍርዱ ያለው መፍቻው ሲቀባበል ባየነውና ዝም ባልነው፣ አይተን ሐዘን ነው ባልነው፣ ሰምተን ከንፈር በመጠጥነው ላይ ነው። ወይዘሮ አቻምየለሽ ምስጋና ጠይቀው አያውቁም። አለመጠየቃቸው ግን እኛን ነፃ አያወጣንም።

ወይዘሮ አቻምየለሽ ገብረሰንበት የአንድ ወንድና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት የነበሩ ሲሆን፣ ልጆቻቸውን ናሁሰናይን፣ ፋናንና ያምሮትን፣ የልጅ ልጃቸውን ውዳሴን፣ የባለቤታቸውን ወንድም አቶ ገነነን፣ በቋሪትና በቡሬ ያሉ ቤተ ዘመዶቻቸውን፣ እንዲሁም በግቢያቸው ውስጥ ባትሪዋ ታጥቦ፣ ፍሬኗ ተስተካክሎ ቆማ ያለችውን አምባላይን ትተውልን ሄደዋል። ሰው የነፈጋቸውን የማይነፍግ፣ በስውር የተሠራውን በግልጥ የሚያይ አምላክ፣ የደከሙ እጆቻቸውን በማያልቅ ዕረፍት ተቀብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን፤ ለእኛም ለቀረነው ያየነውን እንዳየነው የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።

ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር ይቀራል። የአቶ ሐብቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ወይዘሮ አቻምየለሽ የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ ኮፈኑን ከፍተው የላላውን የባትሪ ማሰሪያ እያጠበቁ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እርሳቸውም ልማድ ሆኖባቸው የያዙትን መፍቻ ወደ ዱካው ዘረጉት። ዱካው ባዶ ነበር። እጃቸው ለጥቂት ጊዜ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያም «ክፍት ነው፣ ይግቡ» ብለው፣ መፍቻውን መለሱና፣ የገባው ሰው እያያቸው ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ።